ለአስከሪ አይፈቀድም

ጡረታ የወጣሁት በሃያ አራት ዓመቴ ነው። ይህን ስል የክፍል ጓደኞቼ ይስቃሉ፤ ነገር ግን ጡረታዬን ያወጁት አለቃዬ ኡስታዝ ይርጋ ናቸው። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ከእህል ገበያው ጀርባ ባለችው የስልክና የፕሮግራም ሱቃችን በመጨረሻው የሥራ ቀኔ ለሁላችንም ሻይ አዘዙና ብድግ ብለው፣ «ትዕግሥት ከዛሬ ጀምሮ ጡረተኛ ናት። ስልኬ ውኃ ገባበት ብሎ የሚያስቸግራት ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል» አሉ። ሁላችንም ማለት እኔ፣ የሥራ ባልደረባዬ ሳሚ እና ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የገባ አንድ የሪክሻ፣ የእኛው ባጃጅ፣ ነጂ ነበርን። የሪክሻ ነጂው አጨበጨበ።

አሁን ጎንደር የሕግ ተማሪ ነኝ፤ ገና አንደኛ ዓመት። ሰሞኑን መምህራችን፣ «ማንም ፍርድ ቤት የማያስፈጽመው ግዴታ ምን ይጠቅማል?» ብለው ጠየቁን። እጄን አወጣሁ። ስነሳ ግን የምናገረው ሁሉ ጠፋብኝና «ይጠቅማል» ብቻ ብዬ ተቀመጥሁ። ክፍሉ ሳቀ። መምህራችን አልሳቁም፤ «ማብራሪያውን በጽሑፍ እጠብቃለሁ» አሉኝ። ማብራሪያውን ልጽፍ ስቀመጥ የሥራ ዘመኔን ሳልተርክ ማብራራት እንደማልችል ገባኝ። ስለ ርዝመቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሥራ የጀመርሁት ከድንበሩ ማዶ ባለችው የሱዳን ከተማ፣ ገላባት ነው። ከመተማ ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ ዓም ኢድሪስ የሚባሉ ሱዳናዊ አዛውንት ዘንድ ተቀጠርሁ። ጄኔሬተርና ሶኬት የተደረደረበት ጣውላ ነበራቸው፤ የሎሪ ረዳቱም፣ ለአረም የሚሻገረው የቀን ሠራተኛም ስልኩን የሚሞላው እዚያ ነው። ደመወዜ ከምሳዬ ብዙም አይተርፍም ነበር። ዓም ኢድሪስ ስልክ መፍታትና የቻርጅ ቀዳዳ መቀየር አስተማሩኝ። አንድ ነገር ላይ ብቻ ይቆጡ ነበር፤ የሰው ስልክ ላይ መልእክት ብቅ ሲል እኔ ካየሁ። «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ገልብጪው!» ይሉኛል። እስከ ዛሬ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ስልክ ሲበራ እጄ ሊገለብጠው ይነሣል።

ጄኔሬተሩ ሲሞት አንድ ክረምት ፋሽጋ ወደሚባለው የእርሻ አገር ወርጄ ሰሊጥ አረምሁ። ዋልካን በደንብ ያወቅሁት ያኔ ነው። የዚያ አገር ጥቁር አፈር ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ጫማ ከእግር አውልቆ ያስቀራል። ትራክተር እንኳ ባለበት ይተከላል። ሠራተኞች የሚያድሩበት ካምቦ ከዋናው መንገድ በጣም የራቀ ስለሆነ፣ ክረምት ላይ የታመመ ሰው ካለ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ መድኃኒት ሳይሆን የትኛው መንገድ ያስኬዳል የሚለው ነው። ይህንንም የሚያውቀው ትናንት ያለፈ ሹፌር ብቻ ነው።

ይህን ወሬ ከሹፌር ወደ ሹፌር ለማድረስ ሲሉ ነው ኡስታዝ ይርጋ ፕሮግራማቸውን የጻፉት። ስሙንም «ዋልካ» አሉት። ኡስታዝ የመተማ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ካርቱም ተምረው ገዳሪፍ ለብዙ ዓመታት ሒሳብ ስላስተማሩ ከእህል ነጋዴው እስከ መጠለያው ስደተኛ ሁሉም «ኡስታዝ» ይላቸዋል። ሥራ ልጠይቃቸው የሄድሁ ዕለት ምስክር ወረቀት አልጠየቁኝም። ቤንች ላይ የተቀመጠ አንድ የሎሪ ሹፌር አሳይተውኝ፣ «ብሉቱዝ ምን እንደሆነ ንገሪው» አሉኝ።

«ሁለት ስልኮች ሲገናኙ ሰላም የሚባባሉበት ነው» አልሁት።

ሹፌሩ፣ «እና ምን ይባባላሉ?» አለኝ።

«የሚያውቁትን ነዋ።»

ኡስታዝ ሳቁና፣ «ነገ ነይ» አሉ።

ሥራዬ በኋላ ይኸው ሰላምታ ሆነ። ሹፌሩ አንድ መንገድ አልፎ ሲወጣ አረንጓዴውን ይነካል፤ ጭቃ ከያዘው ቀዩን። እርሻው መሃል ኔትወርክ ስለሌለ ወሬው የሚተላለፈው ሁለት መኪናዎች ሲገናኙ ነው። ሲተላለፉ ፍጥነታቸው ለብሉቱዝ አይመችም፤ ስለዚህ ያለን ጊዜ ሹፌሮቹ መኪናቸውን አቁመው ሰላም እስኪባባሉ ድረስ ብቻ ነበር። ደግነቱ የሱዳን ሰላምታ ቶሎ አያልቅም። ታማም፣ ማለትም ደህና፣ ቤተሰብ ታማም፣ ከብት ታማም፣ ሁሉ ታማም እስኪባል ድረስ የአካባቢው መንገድ ሁሉ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው መግባት ነበረበት። ኡስታዝ ለእኔ የሰጡኝ ሥራ ይህ ነው፤ የመንገዱን ወሬ ሁሉ በአንድ ሰላምታ ውስጥ እንዲገባ ማሳጠር። እያንዳንዱን ፊደል እየቆጠብሁ ስሠራ ከኋላዬ ይቆሙና፣ «ሹፌሩ የአክስቱን ጤና ሳይጠይቅ ቢሄድስ?» ይሉኛል። እንደገና አሳጥራለሁ።

ሌላው ከባድ ነገር የወሬ እርጅና ነበር። ጠዋት አረንጓዴ የነበረ መንገድ ከሰዓት ዝናብ ካገኘው ወጥመድ ነው። ስለዚህ አንድ ሹፌር «እዚህ ዘንቧል» ብሎ ሲነካ በዙሪያው ያለው አረንጓዴ ሁሉ ወዲያው ግራጫ እንዲሆን አደረግን። መንገዱ ስንት ቀን ፀሐይ ሲያገኝ እንደሚመለስ ለማወቅ ኡስታዝ ራሳቸው ክረምት ላይ ሎሪ ተሳፍረው እየሄዱ፣ በየቦታው ወርደው አፈሩን በጣታቸው እያድቦለቦሉ ያዩ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው ጭቃ እየነካካ ሲመጣ ሳሚ፣ «ያ ኡስታዝ፣ እርሻ ገዙ እንዴ?» ይላቸዋል። «ኮድ እየጻፍሁ ነው» ይሉታል።

ከልማዳቸው ሁሉ የማደንቀው ግን የጽሑፍ ፍተሻቸው ነው። ስክሪን ላይ የሚወጣ አንድ መስመር እንኳ ሳይፈትሹ አይለቁም። ስልኩን ይዘው ፀሐይ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ የሚያልፈውን ሰው፣ ሪክሻ ነጂም ይሁን ተሸካሚ፣ አቁመው ጮክ ብሎ እንዲያነበው ይለምኑታል። ሰውዬው በአንድ ትንፋሽ ካልጨረሰው ጽሑፉ ይቆረጣል። ያስቸገረንም፣ ያስተማረንም ይህ ልማድ ነው።

የሱዳን ጦርነት ከመጣ በኋላ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ሰው ሞላች፤ መኪናም እንደዚያው። አንድ ቀን የጭነት ድርጅት ወኪል የሆነ ጎልማሳ ወደ ሱቃችን መጣ። መተማ በንግድ ያደገ ስለሆነ አማርኛው እንደኛው ነው። ሹፌሮቹ ዋልካን እንደሚወዱት ከነገረን በኋላ፣ «አንድ ነገር ብቻ ጨምሩልኝ። መኪናዎቹ አሁን የት እንዳሉ ያሳይ» አለ።

«የማን መኪናዎች?» አሉ ኡስታዝ።

«የሁሉም።»

«አንተ የምትጭነው ምንድን ነው?»

«ዱቄት። ነዳጅ።» ሻዩን ፉት አለ። «አንዳንዴ ሰው።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ዩኒፎርም ያለው ሰው ነዋ፣ ኡስታዝ። በዚህ ጊዜ ሌላ ምን ተሳፋሪ አለ?»

ኡስታዝ አልተቆጡም። ሻዩን እስኪጨርስ ጠብቀው፣ «አልጨምርም» አሉት። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ያለውን ነገር እያሰቡ ብዙ ቆዩ። የጉልበት ሠራተኛ የጫነ ሎሪ የሚያልፍበት መንገድ መትረየስ የተጫነበት ፒካፕም ያልፍበታል። የኡስታዝ ፕሮግራም ደግሞ ለማንም ክፍት ነበር፤ ኮዱንም ጭምር ማንም ወስዶ እንዲያሻሽለው ለቅቀውታል። ያን ሳምንት የአጠቃቀሙ ፈቃድ ላይ ወታደራዊ አገልግሎትን የሚከለክል ቃል እንደሚጨምሩ ነገሩን።

ሳሚ ተቃወማቸው። ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ ሲናደድ ዐረብኛው ይቀድመዋል። «ያኒ፣ ነጻ ከሆነ ለሁሉም ነጻ ነው! ዛሬ እርስዎ ወታደርን ይከለክላሉ፤ ነገ ሌላው ደግሞ ተነሥቶ ስደተኛን ይከለክላል። እርስዎ ራስዎ የተጠቀሙበትን ኮድ የጻፉት ሰዎች ምን ልትሠራበት ነው ብለው ጠየቁዎት?»

«አልጠየቁኝም» አሉ ኡስታዝ።

«ጠመንጃ የያዘ ሰውስ ፈቃድ ያነባል? ወላሂ አያነብም።»

«ላያነብ ይችላል። ግን አየህ ሳሚ፣ ኮዱ የእኔ ነው፤ መንገዱ ግን የእኔ አይደለም። መንገዱን የነገሩኝ ሹፌሮች ናቸው። የነገሩኝም የታመመ እንዲደርስበት፣ ሠራተኛ እንዲገባበት ነው። እነሱ ለዚህ የሰጡኝን እኔ ለሌላ ልሰጠው እንዴት እችላለሁ?»

ለሳሚ ግን አልተዋጠለትም። እኔ በልቤ ሁለቱም ልክ ይመስሉኝ ነበር። አሁንም ይህ ነገር ክፍል ውስጥ ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የሳሚ ድምፅ ነው።

ከዚያ ጽሑፉ ተጻፈ። መጀመሪያ «ወታደራዊ አገልግሎት» የሚል ነበረበት። የሪክሻ ነጂው ሲያነበው ተንተባተበና «የብሔራዊ ውትድርና ምዝገባ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ኡስታዝ ቆረጡት። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቃል ፈልገው፣ እዚያ አገር ያለን አማርኛ ተናጋሪዎች ከዐረብኛው ወስደን ለወታደርም ለፖሊስም የምንለውን ቃል አስገቡ። ፕሮግራሙ ሲከፈት «ለአስከሪ አይፈቀድም» ይላል፤ ከሥሩ «እቀበላለሁ» እና «አልቀበልም» የሚሉ ሁለት ቁልፎች አሉ። አልቀበልም ያለ ሰው መንገዱን አያይም። በአንድ ትንፋሽ ይነበባል። አንድ ሹፌር «አስካሪ» ብሎ አንብቦት፣ «አረቄ ጠጥቶ መንዳት ክልክል ነው ማለታችሁ ነው? እሱንማ እናውቃለን» ሲለን ሱቁ በሳቅ ሞላ። የሳቅነው ቃሉ ሊያሳስት የሚችለው በዚህ ብቻ መስሎን ነው።

ክረምቱ ሊገባደድ ሲል አንድ ጠዋት፣ የአረጀ ወታደራዊ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ደጃፋችን ላይ ቆሙ። ካፖርቱ እስከ ጉልበት ድረስ ዋልካ ነበር።

«ዋልካን የሠሩት እርስዎ ነዎት?» አሉ ኡስታዝን።

«እኔና እነዚህ ልጆች ነን። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ሽማግሌው አልተቀመጡም። «ደምሴ እባላለሁ። ፋሽጋ በኩል አንድ ካምቦ እጠብቃለሁ። እዚያ ግን ደምሴ የሚለኝ የለም። በፊት ወታደር ስለነበርሁ ሰዉ ሁሉ አስከሪ ነው የሚለኝ።»

ኡስታዝ ይዘውት የነበረውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

አያ ደምሴ የሆነውን ነገሩን። አንድ ሹፌር ዋልካን ስልካቸው ላይ ጭኖላቸው ነበር፤ ካምቦው ውስጥ እንዲህ ያለ ስልክ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ሲከፍቱት «ለአስከሪ አይፈቀድም» አላቸው። «አልቀበልም» የሚለውን ነክተው ተዉት። ከሳምንታት በኋላ አበባ የምትባል ሰሊጥ አራሚ ምጥ ያለ ጊዜው መጣባት። ትራክተር ነጂው ተሳቢውን አያይዞ፣ እሷን ጭኖ በተለመደው መንገድ ወጣ፤ ዝናብ መትቶት ኖሮ መንገዱ መሃል ተተከለ። በግራሩ በኩል ያለው የላይኛው መንገድ ደረቅ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ሁለት ሹፌሮች አረንጓዴ ነክተውበታል፤ ከመካከላቸው አንዱ ካምቦው በር ላይ ቆሞ ከአያ ደምሴ ጋር ሰላም ተባብሎ ነው ያለፈው። አያ ደምሴ ፈቃዱን ተቀብለው ቢሆን ኖሮ በዚያች ሰላምታ ወሬው ስልካቸው ውስጥ ይገባ ነበር።

«እናቲቱ ተርፋለች» አሉ አያ ደምሴ። «ልጁ አልተረፈም።»

ከዚያ ሳሚ፣ «አባቴ፣ ለምን ዝም ብለው እቀበላለሁ የሚለውን አልነኩትም? ማን ያያል?» አላቸው።

«እንዴት ልጄ? አይፈቀድልህም ይላል እኮ። በስሜ ጠርቶ።» ባርኔጣቸውን አዙረው ያዙት። «አሁንም የመጣሁት ፈቃድ ልጠይቅ ነው። ሌላም ነፍሰ ጡር አለች። እኔ አሁን ጦር ውስጥ አይደለሁም። የካምቦው ጠመንጃም ለጅብና ለሌባ እንጂ ለሌላ ወጥቶ አያውቅም። ከፈለጋችሁ ሰው ልጥራ፣ ይመስክርልኝ።»

ኡስታዝ ይርጋ ከወንበራቸው ተነሡ። ስለ ዝናብ ወይም ስለ ትራክተር ነጂው አንድም ነገር አላነሡም። «ያን ቃል የጻፍሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ እርስዎ ያነበቡት ልክ ነው።» የራሳቸውን ወንበር ሰጧቸው፤ አያ ደምሴም ያን ጊዜ ተቀመጡ። በማግስቱ ኡስታዝ አብረዋቸው ወደ ካምቦው ሄደው አበባን አገኟት። ምን እንዳሏትና ምን እንዳለቻቸው ግን አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ወሬው ገበያ ውስጥ ስለተሰማ ወኪሉ እንደገና መጣ። በዚህ ጊዜ አዝኖም ነበር፤ የማስመሰል አልነበረም። «ኡስታዝ፣ ያንሱት ይህን ነገር። ማንን ከለከለ? የእኔ ሹፌሮች ሁሉ እቀበላለሁ ብለዋል። እኔም ብያለሁ። እኔ አስከሪ አይደለሁማ! ነጋዴ ነኝ!» ብሎ ሳቀ።

«ልክ ነው» አለ ሳሚም። «ኸላስ፣ በቃ፣ ይነሣ።»

ኡስታዝ ግን ወኪሉን ትክ ብለው አዩት። «እስቲ ድገምልኝ» አሉት።

«ምኑን?»

«የመጨረሻውን።»

«አስከሪ አይደለሁም፣ ነጋዴ ነኝ።»

ወኪሉ ከሄደ በኋላ ኡስታዝ፣ «እኔ የከለከልሁት ሰውን ነው» አሉን። «መከልከል የነበረብኝ ሥራውን ነበር። ወታደር የሚጭነውን አስገብቼ ምጥ የያዛትን አስቀረሁ።»

አዲሱን ጽሑፍ ለማውጣት ብዙ ደከምን። ረቂቁ በተጻፈ ቁጥር ኡስታዝ የሚያነቡት ለአያ ደምሴ ነበር፤ ለዚሁ ሲሉ አያ ደምሴ ወደ ገበያ በሚመጣ ሎሪ ሁሉ እየተሳፈሩ ይመጡልን ጀመር። ኡስታዝን የሚፈትኗቸው እሳቸው ሆኑ።

«የቆሰለ ወታደር ብጭንስ?»

«ይጫኑ።»

«ሊዋጋ የሚሄድ ቢለምነኝስ?»

«በዋልካ አይምሩት።»

«ያው ሰውዬ ነገ ቆስሎ ቢመለስስ?»

«ይጫኑት።»

«ካምቦዬን ሊዘርፉ የመጡ ሰዎች በየት እንደሚያመልጡ ባይበት?»

ኡስታዝ ጺማቸውን ሲያሹ ሳሚ በደስታ፣ «አሃ! ተያዙ!» አለ።

«አያሳዱበት» አሉ በመጨረሻ። «እርሻውን ይጠብቁ፤ በዚህ ግን ሰው አይከተሉ።»

አያ ደምሴ አሰቡበትና፣ «ከባድ ነው። ግን ይገባኛል» አሉ።

በመጨረሻ የጸናው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፤ «በዚህ ፕሮግራም ሰው ለማሳደድ፣ ለመክበብ፣ ተዋጊ ወይም መሣሪያ ለማድረስ አልጠቀምም።» በራስ አንደበት እንዲሆን የፈለጉት ኡስታዝ ናቸው። ሳሚ ሲያነበው መሃል ላይ ትንፋሽ አጠረውና፣ «ኡስታዝ፣ በአንድ ትንፋሽ አያልቅም እኮ» አላቸው። «ሰውዬው መሃል ላይ ይተንፍስ» አሉ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሕጋቸውን ሲጥሱ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ቁልፎቹም «ቃል እገባለሁ» እና «ቃል አልገባም» ሆኑ። አንድ ነገር ደግሞ ተጨመረ፤ ቃል አልገባም ያለ ሰውም ቢሆን ከእንግዲህ ባዶ ስክሪን አይቀርለትም። ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዱት መንገዶች ይታዩታል። ሳሚ፣ «መንገድ እኮ ወደ ሁለት በኩል ነው የሚወስደው። በዚያም ሊሄዱበት ይችላሉ» አለ። ኡስታዝ፣ «አውቃለሁ» አሉት። ከዚህ የተሻለ መልስ እኔም እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

አዲሱ ዋልካ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ ሲሄድ የሁሉም ሰው ስልክ ላይ ያ ጽሑፍ እንደገና ወጣ። አያ ደምሴ እዚያው ሱቅ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡትና «ቃል እገባለሁ» የሚለውን ነኩ። ወኪሉ ደግሞ ከጥቂት ቀን በኋላ ስልኩን ይዞ እየተበሳጨ መጣ።

«መንገዱ ተዘጋብኝ። ክፈቱልኝ።»

«አልተዘጋም። አንብበው» አሉት ኡስታዝ።

«ቸኩያለሁ፤ መኪና ይጠብቀኛል።»

«ጮክ ብለህ አንብበው።»

ማንበብ ጀመረ። «በዚህ ፕሮግራም ሰው ለማሳደድ፣ ለመክበብ...» እዚያ ላይ ተነፈሰ። «ተዋጊ ወይም መሣሪያ ለማድረስ...» የመጨረሻውን ቃል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው። አውራ ጣቱ «ቃል እገባለሁ» በሚለው ላይ ሄዶ ቆመ። እኔ ፊት ለፊቱ ነበርሁ፤ በግልጽ አየሁት። ቢነካው የሚከለክለው አልነበረም። እኛ ልንከሰው አንችልም፤ የሚሰማን ፍርድ ቤትም የለም፤ በፊት አንድ ጊዜ ያለ ምንም ሐሳብ ነክቶት ነበር። ጣቱ እዚያው እንደቆመ አንዴ ኡስታዝን፣ አንዴ ስልኩን አየ።

ከዚያ «ቃል አልገባም» የሚለውን ነካው።

ካርታው ተከፈተ። የለመዳቸው መንገዶች ሁሉ ጠፍተው ወደ ጤና ጣቢያዎቹ የሚወስዱት ቀጫጭን መስመሮች ብቻ ቀርተዋል። ለረጅም ጊዜ አያቸው።

«ይህንንስ ለምን ተዋችሁልኝ?» አለ።

ኡስታዝ ይርጋ፣ «አንዳንዴ ሰው እጭናለሁ ብለኸኝ አልነበረም?» አሉት።

ወኪሉ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወጣ፤ ፕሮግራሙን ግን አላጠፋውም። ከዚያ በኋላ መኪናዎቹን በምን እንደመራ አላውቅም። ቃል ገብተው ቃላቸውን የሚያፈርሱ ሰዎችም እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ሳሚ በየሳምንቱ ያስታውሰን ነበር።

መምህር፣ የጠየቁኝ ማንም የማያስፈጽመው ግዴታ ምን ይጠቅማል ብለው ነው። በክፍል ውስጥ «ይጠቅማል» ብዬ ስቀመጥ የታየኝ ያ ስልኩ ላይ የቆመ አውራ ጣት ነበር። ያኔ እንዴት እንደምናገረው አላወቅሁም።